ባልሰረቁት ዕቃ መጠርጠር

በአሜሪካ አንድ መደብር ገዢን በስርቆት ጠርጥሮ ማስቆም የሚችለው ሕግ በሰጠው ውስን ፈቃድ ነው። ጥንት ባለሱቅ የጠረጠረውን ሰው ይዞ ቢያቆይና ስርቆት ያልተፈጸመ ሆኖ ቢገኝ፣ ሰውን ያለ ሕግ በማሰር ይጠየቅ ነበር። ፖሊስ ልጥራ ብሎ ቢተወው ደግሞ ሌባው ዕቃውን ይዞ ይሄድ ነበር። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ባለመደብር በቂ ምክንያት ካለው ተጠርጣሪውን ለአጭር ጊዜ አቆይቶ ማጣራት እንደሚችል ወሰነ። ክፍለ ግዛቶቹም ተመሳሳይ ሕግ እያወጡ መጡ። ፈቃዱ የሚጸናው ለጥርጣሬው በቂ ምክንያት ካለ፣ አያያዙ ከልክ ካላለፈና ቆይታው ለማጣራት ከሚያስፈልገው ጊዜ ካልረዘመ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ያስቆመው ሠራተኛም አሠሪውም ተጠያቂ ይሆናሉ።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዝርዝሩ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ቨርጂኒያ ፖሊስ እስኪደርስ ተጠርጣሪን ከ1 ሰዓት በላይ ማቆየትን ትከለክላለች። በሌላ በኩል በየመውጫው ማስታወቂያ ከተለጠፈ የበሩ ማንቂያ መጮኹ ብቻውን ለማስቆም በቂ ምክንያት እንደሚሆን ሕጓ ይናገራል። የዲሲ ሕግ ቁርጥ ያለ ሰዓት አላስቀመጠም፤ ቆይታው ምክንያታዊ እንዲሆንና ጉዳዩ ለፖሊስ እንዲነገር ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ለንጹሕ ሰው መራራ ነው። አለመስረቁ ብቻ መያዙን ሕገ ወጥ አያደርገውም። መደብሩ ቢሳሳትም እንኳ በሰዓቱ የነበረው ምክንያት ማንኛውንም አስተዋይ ሰው የሚያሳምን ከነበረ ሕጉ ይከልለዋል።

ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዐይን ነው። የመደብር ጥበቃ ሠራተኞች በተለምዶ የሚሠለጥኑበት ደንብ ጥብቅ ነው። ተጠርጣሪው ወደ መደርደሪያው ሲቀርብ፣ ዕቃውን ሲያነሣ፣ ሲሸሽግ፣ ሳይከፍል ሲያልፍና ሲወጣ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዐይን ሳይነቀል መታየት አለበት። በሥራ ላይ ግን ጠባቂው ስልክ ያነሣል፣ ካሜራው የማይደርስበት ጥግ ይኖራል። አንዲት ሴት ሽቶ አንሥታ ጋሪዋ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ጠባቂው ዐይኑን ሲመልስ ሽቶው የለም። ዋጋው በዝቶባት ሁለት መደርደሪያ አልፋ ትታው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ግን ያየ የለም። ካሸሩ ያልነቀለው የማንቂያ መለያ በር ላይ ይጮኻል። ገዢው ራሱ የሚከፍልበት ማሽን አንዱን ባርኮድ ሳያነብ ያልፋል። ከጋሪው ሥር የተቀመጠ የውሃ ካርቶን ይረሳል። በሕጉ ዓይን ሆን ብሎ የመውሰድ ሐሳብ ከሌለ ስርቆት የለም፤ መርሳት ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ሐሳብ የሚገመተው ከድርጊት ነው። በቨርጂኒያ ያልተከፈለበትን ዕቃ ሆን ብሎ መሸሸግ፣ ገና ከመደብሩ ሳይወጡ፣ ለመስረቅ እንደታሰበ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። ጋሪ ሳይዙ ገብቶ ዕቃን በራስ ቦርሳ እየከተቱ መዞር አደገኛ ልማድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆዳ ቀለምም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ ሐቅን መደበቅ ይሆናል። በኒው ዮርክ ባርኒስና ሜሲስ የተባሉት ታዋቂ መደብሮች ጥቁርና ላቲኖ ገዢዎችን ለይተው ይከታተላሉ በሚል በክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ተመርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱ 525,000፣ ሌላው 650,000 ዶላር ለመክፈልና አሠራራቸውን ለማረም ተስማምተዋል።

ጠባቂ በር ላይ ሲያስቆም ንጹሕ ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ይምላል፣ ቦርሳውን ይዘረግፋል፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደገባ አንድ በአንድ ያብራራል፣ ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ድምፁ ከፍ ይላል። አገር ቤት በሚታወቅበት ሰፈር ይህ ያዋጣው ይሆናል፤ ከዙሪያው ማንነቱን የሚመሰክርለት ሰው አይጠፋም። በአሜሪካ መደብር ግን የሚያዳምጠው ሰው ሪፖርት እየጻፈ ነው። ለመረጋጋት ሲባል የወጣ ይቅርታ ጥፋትን እንደማመን ይመዘገባል። ከፍርሃት የመጣ የተዘበራረቀ ማብራሪያም ከወር በኋላ በችሎት ሲነበብ ቃሉን የቀያየረ ሰው ያስመስላል።

ስለዚህ የሚበጀው ጥቂት መናገር ነው። "አልሰረቅኩም፤ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ይኸው" ማለት ይበቃል። ደረሰኙን ማሳየት ተገቢ ነው፤ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሣት ግን ያስፈልጋል፤ ተወስዶ የሚጠፋ ደረሰኝ አለና። በባንክ ካርድ የተከፈለ ከሆነ ግብይቱ በስልኩ የባንክ መተግበሪያ ላይ ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "መሄድ እችላለሁ ወይስ ይዛችሁኛል?" የሚለው ነው። መልሱ መሄድ ይቻላል ከሆነ ረጋ ብሎ መውጣት ነው። ተይዘሃል ከተባለ ደግሞ ሰዓቱን መያዝ፣ የጠባቂውን ስም መጠየቅ፣ ፖሊስ እንዲጠራ መጠየቅ ይቻላል። ኪስና ቦርሳ ልፈትሽ ሲባል እንደማይስማሙ በጨዋ ቃል መናገር መብት ነው። መሮጥና መገፍተር ግን ፈጽሞ አይገባም። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለማምለጥ የተደረገ ትንሽ ግፊያ ተራውን የመደብር ስርቆት ክስ ወደ ዝርፊያ ያሳድገዋል። ያን ጊዜ ንጹሑ ሰው ያልሠራው ጥፋት ላይ የሠራው ይጨመርበታል።

በስልክ መቅረጽ ትልቅ መከላከያ ቢሆንም የየክፍለ ግዛቱን ሕግ ማወቅ ይጠይቃል። በቨርጂኒያና በዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። በሜሪላንድ ግን በዝግ ክፍል የሚደረግን የግል ንግግር ሁሉም ሳይስማሙ በድብቅ መቅዳት ራሱ ከባድ ወንጀል ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ መደብር ውስጥ የተያዘ ሰው መቅረጽ ከፈለገ ስልኩን በግልጽ አውጥቶ እየቀረጸ መሆኑን መናገርና መስማማታቸውን መጠየቅ ይኖርበታል።

ነገሩ የሚከብደው ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። የግል ጠባቂ ፖሊስ ስላልሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የሚራንዳ ውሳኔ ፖሊስን የሚያስገድደውን የመብት ማስጠንቀቂያ የመንገር ግዴታ የለበትም። እዚያ የተባለውና የተፈረመው ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ማስረጃ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርቡት ወረቀቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ዕቃውን መውሰዱን ያመነበት ቃል ነው፤ ሌላው ገንዘብ ለመክፈል የገባው ግዴታ ነው፤ ሌላው ዳግመኛ ወደ መደብሩ እንዳይመጣ የሚያዝ ማስታወቂያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መፈረም አይገባም፤ ፈርም የሚል ሕግም የለም። የመጨረሻውን ቢፈርምም ባይፈርምም መታዘዝ ይሻላል፤ ተከልክሎ መመለስ ራሱን የቻለ ጥፋት ነውና። የሁሉንም ቅጂ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንግሊዝኛው ያልጠራ ሰው ያልገባውን ወረቀት አልፈርምም ማለቱ ጥፋት አይሆንበትም።

እዚህ ክፍል ውስጥ የሚቀርበው ማባበያ ምን ያህል ከልክ ሊያልፍ እንደሚችል የሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 አሳይቷል። አንድ ኩባንያ በመደብሮች ውስጥ ለተያዙ ሰዎች ቪዲዮ ያሳይ ነበር፤ ከዚያ 400 ወይም 500 ዶላር ከፍለው "ትምህርት" እንዲወስዱ፣ ያለዚያ ፖሊስ እንደሚጠራ ይነገራቸው ነበር። ዳኛው ይህ በካሊፎርኒያ ሕግ አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል ነው ብለው ወሰኑ።

ፖሊስ ሲደርስ ስምንና አድራሻን በትክክል መናገር፣ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ጠበቃ አልናገርም ማለት ይቻላል። ቋንቋ የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ አለበት። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች የሚያስገድድ ሲሆን፣ በሥራ ላይ ከሚውሉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በወንጀል ችሎት ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይመድባል። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ሊቀር ይገባል። የአሥር ዓመት ልጅ እናቱ ሌባ ተብላ ስትጠየቅ ቃል በቃል እንዲመልስ ማድረግ ለልጁ ጭካኔ ነው፤ ለጉዳዩም አይበጅም።

ፖሊስ በዕለቱ ቢለቅም ነገሩ ላያበቃ ይችላል። በቨርጂኒያ ጠባቂው ለማጂስትሬት፣ በሜሪላንድ ለዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር በመሐላ ቃሉን ሰጥቶ ክስ ማስከፈት ይችላል። መጥሪያው ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ሊመጣ ይችላል። ቤት የቀየረ ሰው ወረቀቱ የድሮ አድራሻው ላይ ደርሶ ሳያውቅ ቀጠሮ ያልፈዋል፤ ዳኛውም የመያዣ ትእዛዝ ያወጣበታል። አድራሻን ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ጥቃቅን ቢመስልም ንጹሕ ሰውን ከእስር ያተርፋል።

የጉዳዩ ዋና አደጋ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው የ20 ዶላር ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ትንሽ ቅጣትና ጥቂት ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያቀርባል፤ ተከሳሹ ሥራ እየቀረበት ነው፤ ነውሩም አለ። "ልመንና ልገላገል" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለአሜሪካ ዜጋ ይህ መንገድ የሚያስከፍለው ውስን ሊሆን ይችላል። ዜግነት ላልወሰደ ሰው ግን አጭሩ መንገድ ከሁሉም የከፋ ሊሆን ይችላል። በኢሚግሬሽን ሕግ ስርቆት በአብዛኛው የሞራል ዝቅጠት ያለበት ወንጀል ተብሎ ይመደባል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አገር ከገባ በ5 ዓመት ውስጥ የተፈጸመና 1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳስር የሚችል አንድ እንዲህ ያለ ወንጀል ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። በተለያየ ጊዜ የተፈጸሙ ሁለት እንዲህ ያሉ ወንጀሎች ደግሞ መቼም ቢፈጸሙ ሊያስወጡት ይችላሉ። ቁም ነገሩ የተፈረደው ሳይሆን ሊፈረድ ይችል የነበረው ነው። በቨርጂኒያ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ስርቆት እስከ 12 ወር ስለሚያሳስር ከዚህ መስፈርት ይገባል። በሜሪላንድ ከ1,500 ዶላር በታች የሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከ6 ወር ስለማያልፍ በዚህ አንቀጽ አይያዝም። አንድ ቀን እስር ያልተፈረደበት ሰው፣ የተከሰሰበት መደብር ከፖቶማክ ወንዝ በየትኛው ወገን እንዳለ ብቻ ዕጣው ይለያያል።

ሌላው ወጥመድ "ክሱ በኋላ ይሰረዝልሃል" የሚለው ተስፋ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ተከሳሹ ጥፋቱን ካመነ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ፍሬ ነገር ካመነ፣ ዳኛውም ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ካዘዘ፣ ክፍለ ግዛቱ በኋላ ክሱን ቢሰርዘውም እንደ ተፈረደበት ይቆጥረዋል። በሜሪላንድ ፒቢጄ የሚባለው ከፍርድ በፊት የሚሰጥ አመክሮና በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከሳሾች የሚሰጠው የማቆያ ዕድል፣ አመዘጋገባቸው ካልተጠና እዚህ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ፓዲላ በተባለው ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው የእምነት ቃሉ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚያመጣውን መዘዝ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። መንግሥት የመደበው ጠበቃም ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደለም። ስለዚህ ለጠበቃው የመጀመሪያው ቃል "እኔ ዜጋ አይደለሁም" የሚለው መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2025 የተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ ነገሩን ይበልጥ አክብዶታል። ያለ ፈቃድ ድንበር አቋርጦ የገባ ወይም ተገቢ ሰነድ የሌለው ሰው በስርቆት፣ የመደብር ስርቆትን ጨምሮ፣ ከተያዘ ወይም ከተከሰሰ፣ ፍርድ ሳይጠበቅ ኢሚግሬሽን እንዲያስረው ሕጉ ያዛል። በደቡብ ድንበር ገብተው ጥገኝነት የጠየቁ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥር ሊወድቁ ይችላሉ። አንድ የተሳሳተ ጠባቂ የሚናገረው ቃል ሰውን ያለ ዋስ ሊያሳስር መቻሉ ከፍትሕ ጋር የሚሄድ አይደለም፤ ሕጉ ግን በሥራ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በወንጀል ጠበቃ ብቻ ሳይወሰን ከመጀመሪያው ቀን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያስፈልገዋል።

ከመደብሩ ወይም ከጠበቆቹ የሚመጣው የገንዘብ ጥያቄ ደብዳቤ ከወንጀሉ ክስ የተለየ ነው። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች መደብሮች ከተጠርጣሪ ካሳ እንዲጠይቁ ይፈቅዳሉ። ደብዳቤው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም፤ አለመክፈል ወንጀል አይደለም፤ መክፈልም የወንጀሉን ክስ አያዘጋም። ያልሰረቀ ሰው አልሰረቅኩም፣ ማስረጃችሁን ላኩ የሚል አጭር መልስ ጽፎ ቅጂውን ቢያስቀምጥ ይበቃዋል። የችሎት ስምና የመዝገብ ቁጥር ያለበት መጥሪያ ሲመጣ ግን ዝም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአላባማ አንዲት እናት ወደ 48 ዶላር የሚያወጣ አስቤዛ ሰርቀሻል ተብላ በዎልማርት ተያዘች። መክፈያ ማሽኑ እየቆመ አስቸግሯት እንጂ እንደከፈለች ተናግራ ነበር። የወንጀሉ ክስ ከጊዜ በኋላ ተዘጋ፤ ያም ሆኖ 200 ዶላር ካልከፈለች እንደምትከሰስ የሚገልጹ ደብዳቤዎች ይደርሷት ነበር። አልከፈለችም፤ ይልቁንም ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2021 ጁሪው 2.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት።

አዲሱ የስሕተት ምንጭ ፊት የሚለየው ማሽን ነው። በዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ መደብር የእጅ ሰዓቶች ተሰርቀው ፖሊስ የካሜራውን ደብዛዛ ምስል ለኮምፒውተር ሰጠ፤ ኮምፒውተሩ ከመንጃ ፈቃድ ፎቶዎች መካከል የአንድ ጥቁር አባትን አወጣ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ሚስቱና ልጆቹ እያዩ ተይዞ 30 ሰዓት ያህል ታሰረ። በቦታው አልነበረም። በድሮ ጊዜ ሌባሻይ የተባለው ልማድ፣ መድኃኒት ጠጥቶ በገመድ የሚመራው ልጅ የወደቀበትን ደጅ የሌባው ቤት ያደርግ ነበር፤ ማሽኑ ጠቆመ ተብሎ ብቻ ሰውን መያዝም ከዚያ እምብዛም አይሻልም። በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረሰ ስምምነት የዲትሮይት ፖሊስ በማሽኑ ውጤት ብቻ ሰው እንዳይዝ ታግዷል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ራይት ኤይድ የተባለው የመድኃኒት ቤት ድርጅት ገዢዎችን በስሕተት በሌብነት ያስጠቆመውን ይህን መሣሪያ ለ5 ዓመት እንዳይጠቀም ከልክሎታል።

በስሕተት የተያዘ ሰው በበኩሉ መደብሩን በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል፤ ያለ ሕግ ይዞ በማቆየት፣ በስም ማጥፋት፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት በክፋት በማስከሰስ። የክሱ ሕይወት የካሜራው ምስል ነው። መደብሮች ቅጂውን ለዘለዓለም አያስቀምጡም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀረጻል። ስለዚህ በቀናት ውስጥ ምስሉ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሶ፣ ደረሰኝ ባለው ፖስታ መላክ ያስፈልጋል። የሆነውን ሁሉ በዚያው ምሽት በአማርኛም ቢሆን መጻፍ፣ አጠገብ የነበረ ሰው ካለ ስልክ ቁጥሩን መያዝ፣ የተጎዳ አካል ካለ ሐኪም ማየት ይገባል። ቀነ ገደቡም አጭር ነው። ያለ ሕግ ለመያዝ የሚቀርብ ክስ በዲሲ 1 ዓመት፣ በቨርጂኒያ በአጠቃላይ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድ 3 ዓመት ብቻ አለው፤ የስም ማጥፋት ክስ በሦስቱም ከ1 ዓመት አያልፍም።

እንዲህ ያለ ክስ ምን ሊያመጣ እንደሚችል በሜሪላንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በሚገኝ የኤዲ ባወር መደብር፣ በትርፍ ሰዓታቸው ጥበቃ የሚሠሩ ፖሊሶች አንድን ጥቁር ወጣት የለበሰውን ሸሚዝ ሰርቀሃል ብለው አስወለቁት። ከአንድ ቀን በፊት እዚያው የገዛው ነበር። ሸሚዙን ትቶ ደረሰኝ ፍለጋ ወደ ቤቱ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 የፌዴራል ጁሪ ለእርሱና አብረውት ለነበሩት ሁለት ጓደኞቹ በድምሩ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ይህን ያህል የሚፈረድላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙው ክስ በድርድር ያልቃል፤ መደብሩ በቂ ምክንያት ነበረው ተብሎ የሚወድቅም አለ።

ክሱ ከተዘጋ ወይም ተከሳሹ ነጻ ከወጣ የመጨረሻው ሥራ መዝገቡን ማስጠፋት ነው። በቨርጂኒያ ለሰርኪውት ፍርድ ቤት በማመልከት የፖሊሱንም የፍርድ ቤቱንም መዝገብ ማስጠፋት ይቻላል፤ ሜሪላንድም ተመሳሳይ መንገድ አላት። ለኤርፖርት ባጅ፣ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ለታክሲና ለኡበር ሥራ የሚደረገው የኋላ ታሪክ ምርመራ የተዘጋን ክስ ሊያወጣ ስለሚችል ይህን ማዘግየት አይገባም። ነገር ግን ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻው ላይ መያዙን፣ መዝገቡ ቢጠፋም እንኳ፣ መግለጽ አለበት። የኢሚግሬሽን መኮንኑም ጉዳዩ እንዴት እንደተዘጋ የሚያሳይ የተረጋገጠ የፍርድ ቤት ሰነድ ይጠይቀዋል። መዝገቡ አንዴ ከጠፋ ያንን ሰነድ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማውጣት የሚያስፈልገው የማስጠፋቱ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ነው።